ጉዝኔክ ሂች ከመግዛትህ በፊት የበሩን ወረቀት አንብብ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ዳላስ ነው። ከአጎቴ ልጅ ጋር ከጨረታ የሚገዙ መኪናዎችን የማመላለስ ሥራ ልንጀምር ነው። ፒክአፓችን የ2019 ራም 2500 ናፍጣ ነው፤ ካሶኒው አጭሩ ነው። በሩ ላይ የሰውና የዕቃ ክብደት ተደምሮ ከ2,100 ፓውንድ እንዳይበልጥ ይላል። ትሬለሩ ሦስት መኪና የሚይዝ፣ አንገቱ ካሶኒ ውስጥ የሚታሰር ጉዝኔክ ሲሆን ባዶውን 5,000፣ ከነጭነቱ እስከ 14,000 ፓውንድ ነው። አንድ ወዳጃችን ያገለገለ ሂች (የትሬለር ማያያዣ) አለኝ፣ ሻንሲው ላይ በይጄ እሰጣችኋለሁ ብሎናል። ሌላው ደግሞ 30,000 የሚችል አዲስ ግዙና ተገላገሉ ይለናል። የቱ ይሻለናል? እባክዎ ይምከሩን።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሁለቱም ወዳጆችህ ያወሩህ ስለ ሂቹ ነው። ቀድሞ መታየት ያለበት ግን ሂቹን የሚሸከመው መኪና ነው። ደግሞም የበሩን ወረቀት አንብበህ ስለላክልኝ ደስ ብሎኛል፤ ብዙ ሰው እሱን ሳያይ ነው ትሬለር የሚገዛው።

የጉዝኔክ አንገት ካሶኒው ውስጥ ገብቶ፣ ከኋላው አክስል በላይ ወይም ትንሽ ወደ ጋቢናው ቀረብ ብሎ በተተከለ ቦል፣ ማለትም የብረት ኳስ፣ ላይ ይቀመጣል። ኋላ ባምፐር ሥር ከሚታሰረው ትሬለር ይልቅ ረግቶ የሚሄደው፣ ከባድ ጭነትም የሚችለው ለዚህ ነው። ነገር ግን ከትሬለሩ ጠቅላላ ክብደት ከ15 እስከ 25 በመቶው መኪናህ ላይ ይተኛል። እስቲ አስላው። የ14,000 ፓውንድ 20 በመቶ 2,800 ነው። አንተ፣ የአጎትህ ልጅ፣ ዕቃችሁና ሂቹ ራሱ ወደ 500 ፓውንድ ትሆናላችሁ። ድምሩ 3,300 ነው፣ መኪናህ የሚችለው ደግሞ 2,100። የኋላው ሞላ ይተኛል፣ የኋላ ጎማዎቹ ከአቅማቸው በላይ ተሸክመው ይግላሉ፣ በቴክሳስ በጋ ደግሞ ጎማ ሲፈነዳ ምን እንደሚመጣ አስበው። 30,000 የሚችለው ቦል ከዚህ ላይ አንዲት ፓውንድ አይቀንስልህም።

አሁን ከታች ወደ ላይ እንየው። ከ2,100 ላይ 500 ስትቀንስ 1,600 ይቀርሃል። ይህ የ8,000 ፓውንድ 20 በመቶ ነው። ከ8,000 ላይ ባዶውን ትሬለር አንሳ፤ የቀረህ 3,000 ፓውንድ ነው፣ ማለትም አንድ ትንሽ የቤት መኪና። ጭነቱን ወደ ኋላ ገፋ ባደርገውስ እንዳትለኝ፤ ቦሉ ላይ ያለው ክብደት ሲያንስ ትሬለሩ ጭራውን መወዝወዝ ይጀምራል።

ገንዘብ ከከፈላችሁ በኋላ ይህን መስማት ከባድ እንደሆነ ይገባኛል። ግን ሦስት መኪና ለመጫን ይህ ፒክአፕ አይሆናችሁም። ወይ በአንድ መኪና ጀምሩ፣ ወይ ኋላው አራት ጎማ ያለውን ከፍ ያለ ሞዴል፣ ራም 3500 ፈልጉ። 3500 ከሆነ ደግሞ ሌላ ሒሳብ አለ። የፒክአፑና የትሬለሩ የፋብሪካ የክብደት ጣሪያ ተደምሮ 26,001 ፓውንድ ከደረሰ፣ ትሬለራችሁ ብቻውን ከ10,000 በላይ ስለሆነ፣ ክላስ ኤ ሲዲኤል (የንግድ መኪና መንጃ ፈቃድ) ያስፈልጋችኋል። ከዚያ በታች ሆኖም ከስቴት ስቴት ለክፍያ ስትጭኑ የዶት (የፌዴራል ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት) ቁጥርና የሐኪም ካርድ መያዝ ግድ ነው።

ወደ ሂቹ ልመለስ። ብየዳውን እርሳው። የፒክአፕ ሻንሲ ጠንካራ ብረት ነው፣ የብየዳ እሳት ደግሞ ዙሪያውን ያደክመዋል፤ ስንጥቁ የሚታይህ ከባድ ጭነት ላይ ስትሆን ነው። ካሶኒውን ጠርገህ ወለሉን እየው። መሃል ላይ ክዳን ያለው ክብ ቀዳዳ፣ ዙሪያውንም አራት ሌሎች ካሉ፣ ፋብሪካው ከሥር ብረቱን አዘጋጅቶልሃል ማለት ነው። ለራም የተሠራውን ቦል ገዝተህ እዚያ መቆለፍ ብቻ ነው። ከሌለ፣ ለመኪናህ ሞዴልና ዓመት የተሠራ፣ በቡሎን የሚታሰር ከካሶኒ በታች ሂች ግዛ። እኔ የምወደው ቦሉ ተገልብጦ የሚቀመጠውን ነው፣ ካንሳስ ውስጥ ቢ ኤንድ ደብሊው እንደሚሠራው ተርንኦቨርቦል ዓይነት፤ ሳትስብ ስትቀር ካሶኒው ሜዳ ይሆንልሃል። የቦሉ ልክ አብዛኛውን ጊዜ 2 ከ5/16 ኢንች ነው፣ ግን የትሬለሩን አፍ ላይ የተጻፈውን አይተህ አረጋግጥ።

ካሶኒህ አጭር ስለሆነ፣ ጠበቅ አድርገህ ስትታጠፍ የትሬለሩ አፍንጫ የጋቢናውን የኋላ መስታወት ሊመታ ይችላል። መጀመሪያ ባዶ ሜዳ ላይ ቀስ ብለህ እየታጠፍክ አንድ ሰው ከውጭ ይይልህ። ከአንገቱ ሥር እስከ ካሶኒው ጠርዝም ቢያንስ 6 ኢንች ክፍተት ይኑር፤ አለዚያ ጎርበጥ ያለ መንገድ ላይ ጎኑን ይቀጠቅጠዋል። ከጫናችሁ በኋላ ደግሞ ትራክ ስቶፕ ላይ ካት ስኬል የሚባል የከባድ መኪና ሚዛን አለ፣ አስመዝኑት።

ጥያቄ፦ ከዴንቨር ነው የምጽፈው። ባለቤቴ በጉዝኔክ ይሠራል። ቦሉ ከተቆለፈ ሰንሰለት ምን ያደርጋል እያለ ሳያስረው ይወጣል። እውነት ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ እውነት አይደለም፤ መጨነቅሽም ትክክል ነው። የትሬለሩ አፍ ቦሉ ላይ የተቆለፈ መስሎ ሳይቆለፍ ሊቀር ይችላል፣ ፒኑም በንቅናቄ ሊወጣ ይችላል። ያኔ አንገቱ ከካሶኒው ዘሎ ሲወጣ የሚይዘው ሁለቱ ሰንሰለት ብቻ ነው። ሁለቱም ካሶኒው ውስጥ ካሉት ማሰሪያዎች ላይ ይታሰሩ። ትሬለሩ ሲበጠስ የራሱን ፍሬን በራሱ ባትሪ የሚያስይዘው ቀጭን ሽቦ ደግሞ ከሰንሰለቱ ጋር አይታሰርም፤ ለብቻው ፒክአፑ ላይ ይታሰራል። ከመውጣቱ በፊት የትሬለሩን ፍሬን ብቻ ጋቢናው ውስጥ ባለው የእጅ መቆጣጠሪያ ይዞ ወደ ፊት ትንሽ ይሳበው። ያችን ትንሽ ባትሪም በየጊዜው ያስፈትሻት፤ ከሞተች ሽቦው ቢነቀልም ፍሬኑ አይይዝም።