ሄሞግሎቢኔ 9.8 ነው፤ ቀይ ሥር ይበቃኛል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ። ዕድሜዬ 34 ነው፣ የሁለት ሕፃናት እናት ነኝ። ደረጃ ስወጣ ልቤ ይመታል፣ ፀጉሬ ይረግፋል፣ ጥሬ ሩዝ መቆርጠምም አምሮኛል። ሲቢሲ (የደም ሕዋሳት ቆጠራ) ተሠርቶልኝ ሄሞግሎቢን 9.8፣ ኤምሲቪ 67፣ ቀይ የደም ሕዋስ 4.6 ሚሊዮን ይላል። ሌላ ቦታ ባሠራው ሄሞግሎቢኑ 10.3 ሆነ። የትኛውን ልመን? ጎረቤቶቼ ቀይ ሥር በካሮት ጠጪ፣ ጨውም ላስ አድርጊ ይሉኛል። የታዘዘልኝ የአይረን ኪኒን ሆዴን ሲረብሸኝ ትቼዋለሁ።
ሀ. ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እህቴ፣ የጨውን ነገር ቶሎ ልጨርሰው። ጨው የሚመከረው የደም ግፊቱ ለወረደ ሰው ነው። ሄሞግሎቢን፣ ማለትም ኦክስጅን የሚሸከመውን የደም ክፍል፣ አይጨምርም፣ ተይው።

ውጤቶቹን ሁለቱንም እመኛቸው። ማሽኑ ሲለያይ፣ አንዱ ቀን ውሃ ጠጥተሽ ሌላው ቀን ሳትጠጪ ስትሄጂ፣ ቱቦው በደንብ ሳይገለባበጥ ሲቀር ግማሽ ግራም ወዲያና ወዲህ ማለት ያለ ነው። ነፍሰ ጡር ላልሆነች ሴት የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ወለል 12 ነው። አንቺ በሁለቱም ከዚያ በታች ነሽ።

«አዲስ አበባ ደጋ ስለሆነ ነው» የሚልሽ ካለ አትስሚው። ከፍታ ሄሞግሎቢንን ከፍ ያደርጋል ተብሎ ነው የሚታሰበው፤ ስለዚህ የከፍታው ሒሳብ ቢገባ ቁጥርሽ ይብስበታል እንጂ አይሻሻልም። በነገራችን ላይ የእኛ ደገኛ በዚህ ጉዳይ ጉደኛ ነው። ሰሜን ተራሮች ውስጥ አምባራስ በሚባል ቦታ፣ 3,530 ሜትር ላይ፣ ተለክቶ በ2002 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት አለ። የወንዶቹ አማካይ 15.9፣ የሴቶቹ 15.0 ሆኖ ተገኘ። ባሕር ዳርቻ ከሚኖር ሰው ብዙም አይለይም! የአንዲስ ተራራ ሰዎች በዚያ ከፍታ ደማቸው በጣም ይወፍራል። እኔን እስከ ዛሬ ያስገርመኛል።

ወደ ወረቀትሽ ልመለስ። እኔ ዕድሜዬን ላብራቶሪ ውስጥ የፈጀሁ ሰው ነኝና ዓይኔ ቀድሞ ያረፈው ኤምሲቪው ላይ ነው። እሱ የሕዋሱን መጠን ይነግረናል። ጤነኛው ከ80 እስከ 100 ነው፤ ያንቺ 67፣ ማለትም ሕዋሶችሽ ትንንሽ ናቸው። ሕዋስ እንዲህ ሲያንስ ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛው የአይረን እጥረት ነው። በዘር የሚወረሰው ታላሴሚያም እንዲሁ ያደርጋል። ሁለቱን ለመገመት ቀላል ሒሳብ አለችን፦ ኤምሲቪውን ለቀይ ሕዋሱ ብዛት ማካፈል። ከ13 በላይ ከሆነ ወደ አይረን እጥረት እናዘነብላለን፣ ከ13 በታች ከሆነ ታላሴሚያን እንጠረጥራለን። ያንቺ 14 ተኩል ነው። ጥቆማ ናት እንጂ ፍርድ አይደለችም። የሚያረጋግጥልሽ ፌሪቲን የሚባለው፣ የአይረን ክምችትሽን የሚያሳየው የደም ምርመራ ነው። ከ15 በታች ከሆነ ነገሩ አለቀ። ኢንፌክሽን ካለብሽ ግን ፌሪቲን ያለ ልኩ ከፍ ስለሚል ለሐኪምሽ ንገሪው።

ሞርፎሎጂም፣ ማለትም የሕዋሱን መልክ በዓይን ማየት፣ እንዲሠራልሽ ጠይቂ። አንድ ጠብታ ደም ስላይድ ላይ አድርገን በሌላ ስላይድ ጠርዝ ገፋ እያደረግን እናሳሳዋለን። ሲደርቅ ቀለም እናለብሰዋለን፣ ዘይት ጠብ አድርገን በማይክሮስኮፕ እናያለን። ጤነኛ ቀይ ሕዋስ መሀሉ ነጣ ይላል፣ የስፋቱን ሲሶ ያህል። አይረን ባጣ ሰው ደም ውስጥ ያ ነጣ ያለው ይሰፋና ሕዋሱ እንደ ቀለበት ዳር ዳሩ ብቻ ቀይ ሆኖ ይቀራል። ጣልቃ ጣልቃ ቀጠን ረዘም ያሉም ይታያሉ። አሁን አሁን ማሽኑ ያወጣውን አትሞ መስጠት ብቻ በዝቷል። እኔ አይዋጥልኝም።

አይረኑ የት ሄደ? የወር አበባሽ ይበዛል? የረጋ ደም ይወጣል? ልጆችሽን አከታትለሽ ነው የወለድሽው? ጨጓራ ያምሻል፣ ማስታገሻ ታዘወትሪያለሽ? ይህን ሁሉ ለሐኪሙ ሳትደብቂ ተናገሪ፣ የሰገራ ምርመራም ይጨመር። መንጠቆ ትል የሚባለው የአንጀት ትል ደም ይመጥጣል።

ቀይ ሥር ጠጪ፣ ይጥማል። ቅላቱ ግን የራሱ ቀለም ነው፣ አይረኑም ትንሽ ነው። ጉበትና ሥጋ ይሻሉሻል፤ ምስርና ጎመን ከሆነ ሎሚ ጨምቂበት። ጤፍ ላይ ብቻም አትመኪ፤ የሚለካበት አይረን ከፊሉ በአውድማ የተቀላቀለ አፈር ነው፣ ሰውነትም በቅጡ አይወስደውም። ቡናሽን ከአቦል እስከ በረካ ጠጪ፣ ከምግቡና ከኪኒኑ ግን አንድ ሁለት ሰዓት አርቂው።

ኪኒኑን አትተዪው። በየቀኑ ካስቸገረሽ አንድ ቀን እየዘለልሽ መውሰድ ይቻል እንደሆነ ሐኪምሽን ጠይቂ፤ ሰውነት እንዲያውም የተሻለ ይስበዋል፣ ሆድም ይቀላል። ሰገራሽ ቢጠቁር አትደንግጪ። በወር ውስጥ ሄሞግሎቢንሽ ቢያንስ በ1 ካልጨመረ ተመለሺ። ከተስተካከለም በኋላ ሦስት ወር ያህል ይቀጥላል፣ ጎተራው መሙላት አለበት። ኪኒኑን ደግሞ ልጆችሽ ከማይደርሱበት አስቀምጪ፤ ከረሜላ መስሏቸው ቢውጡት ሕይወት ያጠፋል።

ጥያቄ፦ አባቴ 61 ዓመታቸው ነው። ሄሞግሎቢናቸው 10 ነበር፤ የአይረን እጥረት ነው ተብለው ኪኒን ሲወስዱ 13 ገባ። ተገላገልን?
ተ. ከደሴ

መልስ፦ ገና ነው፣ ወንድሜ። አባትህ የወር አበባ የላቸው፣ አልወለዱ፤ ታዲያ ደሙ በየት ሄደ? በዚህ ዕድሜ አይረን ያጣ ወንድ ጨጓራውም አንጀቱም በመሣሪያ መታየት አለበት። ቁስለት ወይም ካንሰር ቀስ እያለ ሲደማ ሰገራ ላይ በዓይን ላይታይ ይችላል። ሪፈር አስጽፉላቸው። ለኮሎኖስኮፒ (ትልቁን አንጀት በመሣሪያ ለማየት) ሲቀጠሩ የአይረኑን ኪኒን ሳምንት ያህል ቀደም ብለው ያቁሙ እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁ፤ አንጀቱን ስለሚያጠቁረው ለማየት ያስቸግራል።