ርጥቡን ተወው፣ በደረቁ ጀምር

ወንድሜ፣ «ገቢው ዝቅተኛ በሆነ አገር ከአኩሪ አተር የሥጋ ምትክ ባመርት ያዋጣል? ምን ማሽን ልግዛ?» ብለሃል። ያዋጣል። እኔ ግን መጀመሪያ ከስሬበታለሁ፤ አንተም እንደኔ በብድር የምትገባ ስለሚመስለኝ ልንገርህ።

1. የአኩሪ አተር የሥጋ ምትክ ርጥብም ደረቅም አለ፤ ማሽንህ ለደረቁ የሚሆን ይሁን፣ ርጥቡን ዓይነት እንዳትነካው። ቪዲዮ ላይ ክር ክር ሲል የሚያስጎመጀው ግማሹና ከዚያም በላይ ውሃ ነው። ማቀዝቀዣ ይፈልጋል፤ ያንተ መጋዘን ብቻ ሳይሆን መኪናውም፣ ሱቁም፣ የገዢው ቤትም። እኔ ያለኝን ሁሉ እሱ ላይ አፈሰስኩ። አንድ ቅዳሜ መብራት ጠፋ፣ ጄኔሬተሩም አልነሳ አለ። ሰኞ በሩን ስከፍት ከረጢቶቹ እንደ ኳስ ተነፍተው ጠበቁኝ፤ ሽታውን ተወው። ደረቁ ግን እርጥበቱ ከ10 በመቶ በታች ስለሆነ በደንብ ከታሸገ ወራት መደርደሪያ ላይ ይቆያል። ሰው ቤቱ ወስዶ ይዘፈዝፈዋል፣ ያብጣል፣ አለቀ። ውሃ ጭነህም አትመላለስም።

2. ጥሬ ዕቃህን ፋጉሎ፣ ማለት ዘይቱ ተጨምቆ የቀረውን አኩሪ አተር፣ ስትገዛ የቀረበትን ዘይት አስመርምር። አኩሪ አተር 20 በመቶ ገደማ ዘይት አለው፤ በደንብ ካልተጨመቀ ማሽኑ ውስጥ ይንሸራተትና ክር በመሥራት ፈንታ ፍርፋሪ ይተፋል። እኔ «ጥሩ ነው» የሚለውን የሻጩን ቃል አምኜ ሁለት ቀን ሙሉ ፍርፋሪ ስጠርግ ዋልኩ።

3. ፈቃድ። ኧረ እሱስ! አንዱ ሹም ናሙናዬን በእስክሪብቶ እየወጋ «ሥጋ ከሆነ ወደ እንስሳት ክፍል፣ ዱቄት ከሆነ ወደ እህል» አለኝ፤ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። ሁለቱም ክፍሎች «የኛ አይደለም» ብለው መለሱኝ። አምስት ወር! ጥፋቱ ግን የኔም ነበር፤ ማመልከቻው ላይ «የአትክልት ሥጋ» ብዬ ጽፌያለሁ። «የተቀነባበረ የአኩሪ አተር ምርት» ብዬ ስቀይረው በሦስት ሳምንት ወጣ። አንተ ከመጀመሪያው «ሥጋ» የሚለውን ቃል አትጻፍ።

ደግሞ ከሥጋ ጋር የምትፎካከር እንዳይመስልህ። ሥጋ አልፎ አልፎ ለሚበላ ሰው «ምትክ» ምን ያደርግለታል? ተፎካካሪህ ያው ጥሬው ባቄላና ምስር ነው፤ በዋጋ ደግሞ አታሸንፋቸውም። እኔ ያሸነፍኩት በማገዶ ነው። ደረቅ ባቄላ ከሰዓት በላይ ሲንተከተክ የኔው ከተዘፈዘፈ በኋላ አሥር ደቂቃ ይበቃዋል፤ ይህን ቶሎ የሚረዳው ለብዙ ሰው የሚያበስል ነው። አንዷን የትልቅ ወጥ ቤት ኃላፊ በቃል ላሳምናት ብል እምቢ አለችኝ። በራሷ ድስት፣ በራሷ ከሰል ሠርቼ አሳየኋት። ዛሬ ትእዛዝ ሲዘገይባት የምትጮህብኝ እሷ ናት።