ምጣዱ ይቅር! የአንባቢያን የጓዳ ጥያቄዎች

በዚህ ሰሞን ከመጡልን ጥያቄዎች ሦስቱ እንግሊዝን የሚነኩ ሆነው አገኘኋቸው። የመጀመሪያዋ እናት ልጅ የምትሄድባት ከተማ ደግሞ እኔ ለትምህርት ሁለት ዓመት የኖርኩባት ናት። ስለዚህ የምመልሰው እዚያ ካበሰልኩትና ከበላሁት ተነስቼ ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ልጄ በመስከረም ለሁለተኛ ዲግሪ ሬዲንግ ወደምትባል የእንግሊዝ ከተማ ትሄዳለች። የኤሌክትሪክ ምጣድ ገዝቼላታለሁ። አምስት ኪሎ በርበሬ አስፈጭቻለሁ፣ ቅቤ አንጥሬያለሁ፣ ቋንታውም ደርሷል። እሷ ግን «እማዬ፣ ሻንጣዬን ወፍጮ ቤት አስመሰልሽው» ብላ ተቆጣች። ሁለት ቀን ተኳርፈን ሰነበትን። ማናችን ነን ልክ?
እናት፣ ከባሕር ዳር ሽምብጥ

መልስ፦ እትዬ፣ በምጣዱ ልጅዎ ልክ ናት። በበርበሬው እርስዎ።

ከምጣዱ ልጀምር። የእኛ የኤሌክትሪክ ምጣድ አብዛኛው ከ3,000 ዋት በላይ ይስባል። የእንግሊዝ ስፒና ደግሞ ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ሆኖ ውስጡ ቢበዛ 13 አምፔር የሚችል ፊውዝ አለው። 13ቱን በ230 ቮልት ያባዙት፤ 2,990 ዋት ይመጣል። ምጣዱ ከዚያ በላይ ሲስብ ፊውዙ ይቃጠላል፣ ካልተቃጠለም ስፒናው ራሱ ይግላል፣ እሱ ደግሞ ይብሳል። እዚያው ስትደርስ ወፍራም ቂጥ ያለው የማያጣብቅ መጥበሻ ከነክዳኑ ትግዛ። እንጀራው ያንሳል እንጂ ዓይኑ ይወጣል።

ቅቤውና ቋንታው አይሄዱም። ከእኛ አገር የሥጋና የወተት ውጤት በመንገደኛ ሻንጣ ወደዚያ ማስገባት ክልክል ነው፣ ኤርፖርት ላይ ከተገኘ ይወረሳል። ያን ያህል የደከሙበት ቋንታ ቆሻሻ መጣያ ከሚገባ ለመሸኛዋ ፍርፍር ይሥሩበት። አይብም እንደዚያው ነው።

በቅቤው ቦታ ኮረሪማ፣ ኮሰረትና በሶብላ አድርቀው ይስጧት። ጨው የሌለበት ቅቤ በ250 ግራም እየተጠቀለለ በየሱፐርማርኬቱ ይሸጣል፤ ሁለት ሦስቱን ገዝታ በእርስዎ ቅመም ታንጥረው። በሕንዶችና በፓኪስታኖች ሱቅ እርድ፣ አብሽ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ምስር ክክ ሞልቷል። ሄልም አለ፣ ግን ሄል ኮረሪማ አይሆንም። የሽምብራ ዱቄትም ታገኛለች፣ እሱ ግን ያልተቆላ ነው፤ ሽሮ መስሏት ብትሠራው ጥሬ ጥሬ ይላል። ስለዚህ በርበሬውን ወደ ሁለት ኪሎ ያውርዱትና በቀረው ቦታ ሽሮ ይሙሉበት። ላስቲኩን ሁለቴ አሽገው ስሙን በእንግሊዝኛ ይጻፉበት።

አሁን ስለ ሊጡ። ባሕር ዳር በሁለት ሦስት ቀን የሚደርሰው ሊጥ፣ ሬዲንግ ላይ በኅዳርና በታኅሣሥ አራት ቀን ቆይቶም ዝም ይላል። ወጥ ቤቱ ይቀዘቅዛል። እኔ ባልዲዬን እሳት ያልበራበት ኦቨን ውስጥ አስገብቼ መብራቱን ብቻ አበራለት ነበር፤ በሩ ላይ «አታብሩ፣ ሊጥ አለ» የሚል ወረቀት ለጥፌ፣ ምክንያቱም ወጥ ቤቱ የስድስት ሰው ነው። መጀመሪያ ያቦካሁትን በአምስተኛው ቀን ስከፍተው ከላይ ቢጫ ውኃ አቅርሯል፣ ከሥሩ አረፋው አንድ በአንድ እየወጣ ይፈነዳል፣ ሽታው የእናቴ ጓዳ ነው። እዚያው ቁጭ ብዬ ቆየሁ። ጤፉ እዚያ ውድ ስለሆነ ብዙዎቻችን ከሌላ ዱቄት ጋር እንቀላቅለው ነበር፣ እሷም ብታደርገው ነውር የለውም።

አንድ ሌላ ነገር አለ፣ ማንም አይነግራትም። ባሕር ዳር ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ውኃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሬዲንግ ለባሕር ወለል ትቀርባለች፣ እዚያ ወደ 100 ይደርሳል። ስለዚህ ምስሩም ክኩም ቶሎ ይበስላል። በእርስዎ ሰዓት ከተጠቀመች ክኩ ይፈርስባታል።

ቡናውን ቆልተው ይላኩላት። የዘጌ ከሆነ ደግሞ እሰየው። ጥሬውን ግን አይላኩ። በተማሪ ማደሪያዎቹ ጣሪያ ላይ ጭስ የሚያሸት ደወል አለ። እኛ ሕንፃ ውስጥ አንዲት የአገራችን ልጅ እሑድ ማታ ቡና ስትቆላ ደወሉ ጮኸና ሕንፃው ሙሉ ተማሪ በሌሊት ልብሱ ብርዱ ላይ ቆመ። ልጅቷ አለቀሰች። ከዚያ በኋላ ጥሬ ቡና ነክታ አታውቅም።

ለጎረቤቶቿ ማቅመሷ አይቀርም፣ ታቅምስም። ግን ምን እንዳለበት አስቀድማ ትንገራቸው። እዚያ አገር ምግብ ሻጭ የማሳወቅ ግዴታ ያለበት አለርጂ የሚያስነሱ 14 ነገሮች አሉ። ኦቾሎኒ፣ ሰሊጥና ሰናፍጭ አሉበት። የእኛው የጎጃም ግብጦም አለበት!

እትዬ፣ ከሁሉም በላይ የምለምንዎ ይህን ነው። እስከ መስከረም ያለውን ጊዜ ሻንጣው ላይ አይጨርሱት፣ ልጅቷን ጓዳ ያስገቧት። ሽንኩርቱ ሲቁላላ ውኃ ጠብ የሚደረገው መቼ ነው? አብሲቱ መድረሱ በምን ይታወቃል? ይሄ በስልክ አይነገርም። እኔ ከዚያ ደውዬ «እማ፣ ስንት ደቂቃ ላቁላላው?» ስላት «ሽታው እስኪለወጥ» ትለኝ ነበር፣ ሽታውን ደግሞ አላውቀውም። እጇ ከለመደ ምጣድም ባይኖር፣ ቋንታም ቢወረስ አትራብም።

ጥያቄ፦ ግሽ ዓባይ ያደግኩ ልጅ ነኝ። እንግሊዝ ከገባሁ ሦስት ወሬ ነው። የክፍል ጓደኞቼ በየሳምንቱ «ፐብ እንሂድ» ይሉኛል። እኔ ጿሚ ነኝ፣ መጠጥም አልቀምስም። ሁሌ እምቢ ስል ኩሩ ልመስል ነው፣ ብሄድስ ምን እበላለሁ?
ግራ የገባው

መልስ፦ ሂድ፣ ወንድሜ። ፐብ እኛ መጠጥ ቤት ከምንለው ይለያል። እሑድ ምሳ ሰዓት ብትገባ አያት፣ ሕፃን፣ አንዳንዴ ውሻ ሳይቀር አንድ ጠረጴዛ ከብበው ታገኛቸዋለህ። የሚበሉት የእሑድ ጥብስ ነው፤ በኦቨን የተጠበሰ የበሬ፣ የበግ ወይም የዶሮ ሥጋ፣ ድንች፣ አትክልት፣ በላዩ መረቅ። ዮርክሻየር ፑዲንግ የሚሉት ጣፋጭ እንዳይመስልህ። ከዱቄት፣ ከእንቁላልና ከወተት ተሠርቶ ኦቨን ውስጥ እንደ ጎድጓዳ ሳህን የሚነፋ ነው፣ መረቁን ይይዛል። ሲፈሰክ ቅመሰው፣ እኔ እስከ ዛሬ ይናፍቀኛል።

በጾም ቀን ደግሞ «ቪጋን» በል። ይህን ቃል ያዘው። ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል፣ ዓሣ፣ ማር እንኳ የለበትም። ቃሉም የተፈጠረው እዚያው እንግሊዝ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1944። «ቬጀቴሪያን» ካልክ ግን አይብና እንቁላል ሊመጣብህ ይችላል፣ ብዙ የእኛ ልጆች የሚሸወዱት እዚህ ላይ ነው። ድንች ጥብስንም አትመነው። በተለይ በሰሜን እንግሊዝ ዓሣና ድንቹን በበሬ ሞራ የሚጠብሱ ቤቶች አሉ። «በምን ዘይት ነው የምትጠብሱት?» ብለህ ጠይቅ፣ ማንም አይቀየምህም።

አስተናጋጅ ተቀምጠህ አትጠብቅ። በብዙዎቹ ፐቦች የጠረጴዛህን ቁጥር አይተህ ባንኮኒው ጋ ሄደህ ታዝዛለህ፣ እዚያው ትከፍላለህ፣ ምግቡን ያመጡልሃል። እንደ እኛ አገር አጨብጭቦ መጥራት እዚያ ስድብ ነው። የቧንቧ ውኃ ጠይቅ፤ መጠጥ ለመሸጥ ፈቃድ ያለው ቤት ሲጠየቅ በነፃ የመስጠት ግዴታ አለበት። አርፍደህም አትሂድ፣ የብዙዎቹ ወጥ ቤት ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ይዘጋል፣ በእነሱ 9 መሆኑ ነው።

ሂሳብ ላይ ተጠንቀቅ። መጠጡን በዙር ነው የሚገዙት። አንዱ ተነስቶ ለሁሉም ይገዛል፣ ቀጥሎ ሌላው። ለስላሳም ቢሆን ከተገዛልህ ተራህን ጠብቀህ ግዛ፤ ካልፈለግክ ከመጀመሪያው «እኔ የራሴን እገዛለሁ» በል። ምግቡን ግን ብዙ ጊዜ እያንዳንዱ የራሱን ይከፍላል። «እኔ ልክፈል፣ በሞቴ» ብሎ እጅ ለእጅ መጓተት የለም፣ ይሄ መጀመሪያ ላይ ልብ ያቀዘቅዛል፣ አውቃለሁ። ትለምደዋለህ።

ለማታው ራትህ ደግሞ ሁለት ነገር ልጨምርልህ። ሱፐርማርኬቶች ቀኑ ሊያልፍበት በደረሰ ዳቦና አትክልት ላይ አመሻሽ ላይ ቢጫ ወረቀት እየለጠፉ ዋጋ ይቀንሳሉ፤ የተማሪ ኪስ የሚተርፈው በእሱ ነው። እሑድ ግን ትልልቆቹ ሱቆች በሕግ ከስድስት ሰዓት በላይ አይከፍቱም። ብዙዎቹ በእነሱ ከ10 እስከ 4 ናቸው፣ በእኛ አቆጣጠር ደግሞ ከ4 እስከ 10፣ ቁጥሩ ተገልብጦ ያደናግርሃል። እኔ አንድ እሑድ ተዘግቶብኝ ደረቅ ዳቦ በሻይ በልቼ ተኝቻለሁ።

ጥያቄ፦ ጣና ዳር ሆቴል ውስጥ ወጥ ቤት እሠራለሁ። እንግሊዛዊ እንግዶች ሲመጡ «ፊሽ ኤንድ ቺፕስ አለ?» ይሉናል። ኮተሌት ሠርተን ስናቀርብ አመስግነው ይበላሉ፣ ግን እሱ እንዳልሆነ ፊታቸው ያስታውቃል። በጣና ዓሣ ይሠራል?
ወጥ ቤት ሠራተኛዋ

መልስ፦ ይሠራል፣ እህቴ። እነሱ ኮድና ሃዶክ የሚባሉ የባሕር ዓሦችን ነው የሚጠቀሙት፣ ነጭና ወፍራም ሥጋ ያላቸው። አንቺ ቆሮሶ ተጠቀሚ፣ ትልቁን መርጠሽ፣ ቆዳውም አጥንቱም ወጥቶለት። አምባዛ ስቡ ይበዛበታል።

ልዩነቱ ሽፋኑ ላይ ነው። ኮተሌት በእንቁላልና በዳቦ ዱቄት ይለበጣል፣ የእነሱ ግን በቀጭን ሊጥ ነው። 200 ግራም የስንዴ ዱቄት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ጨው። በ250 ሚሊ ሊትር በጣም በቀዘቀዘ ቢራ በጥብጪው፣ ቢራ ካልፈለግሽ አምቦ ውኃ ይሆናል። አረፋው ነው የሚያንኮሻኩሸው፣ ስለዚህ በጥብጠሽ አታቆይው። ዓሣውን በጨርቅ አድርቂ፣ ደረቅ ዱቄት ነስንሽበት፣ ከዚያ ሊጡ ውስጥ ንከሪው። ዘይቱ 180 ዲግሪ ይድረስ። ዓሣውን በአንዴ አትልቀቂው፤ ጭራውን ይዘሽ ግማሹን ዘይት ውስጥ ትንሽ ሰከንድ አቆይው፣ ሊጡ ሲይዝ ልቀቂው። እንዲያ ካልሆነ ሥር ይዞ ይጣበቃል።

ድንቹን እንደ ጣት አወፍረሽ ቁረጪ፣ ታጥቦ ይድረቅ። ሁለቴ ጥበሺው፤ መጀመሪያ በለዘብተኛ ዘይት እስኪበስል፣ ሳይቀላ አውጪና አሳርፊው፣ እንግዳው ሲያዝዝ በሞቀው ዘይት እስኪቀላ። ከጎኑ አተር ያቀርባሉ፣ ደረቁ አረንጓዴ አተር አድሮ ተዘፍዝፎ እስኪፈርስ የተቀቀለ፤ ይሄንን እኛ ማን ያስተምረናል!

ሎሚ ብቻ ይዘሽ አትውጪ። ጨውና አቼቶ ጠረጴዛው ላይ ይኑር። አቼቶውን አንቺ አታፍሺበት፣ ጠርሙሱን አስቀምጪለት፤ ድንቹ ላይ ምን ያህል እንደሚያፈስ እንግዳው ራሱ ያውቃል።