ጀርመን ውስጥ ሙለር የሚባል ሰው ለምን በዛ?

ጥያቄ፦ ልጄ «የጀርመን ኳስ ተጫዋቾቹ ጌርድ ሙለርና ቶማስ ሙለር ዘመዳሞች ናቸው እንዴ?» ብሎኝ መልስ አጣሁ፣ ስሙ ምን ማለት ነው?

መልስ፦ አይዛመዱም እህታችን። ሙለር ማለት ባለወፍጮ፣ እህል የሚፈጭ ሰው ነው። ድሮ እዛ አገር በየመንደሩ ወንዝ ዳር በውሃ የሚዞር ወፍጮ ነበር፣ ገበሬው ሁሉ እህሉን ተሸክሞ እዛ ነው የሚሄደው፣ እና በመካከለኛው ዘመን ሰው ቋሚ የቤተሰብ ስም መያዝ ሲጀምር ባለወፍጮው በየቦታው ለየብቻው በስራው ተጠራ፣ ልጅ ልጆቹም ወፍጮ ሳይነኩ ስሙን ወረሱት። በጣም ደስ የሚል ነገር ነው! ለዛም ነው ዛሬ በጀርመንም በስዊዘርላንድም በብዛት አንደኛ የሆነው። ሰሜን ጀርመን ሞለር ይሉታል፣ አሜሪካ ከገቡት ደግሞ ብዙዎቹ ሚለር ሆነው ቀርተዋል።