ቆብ የደፉት ክብ ቤቶች

ጥያቄ፦ በእንግሊዝ አገር፣ በኬንት አውራጃ ስጓዝ በየእርሻው ዳር ክብ የጡብ ቤቶች አየሁ። ጣሪያቸው ወደ ላይ የሾለ፣ ጫፉ ላይ ነጭ የእንጨት ቆብ የተደፋበት ነው። አሁን ሰው ይኖርባቸዋል። ቀድሞ የነፋስ ወፍጮ ነበሩ?

መልስ፦ ወፍጮስ አይደሉም። ኦስት ሀውስ ይባላሉ፤ ለቢራ ምሬትና መዓዛ የሚሰጠው ሆፕስ የተባለው የተክል አበባ የሚደርቅባቸው ነበሩ። ከታች እሳት ይነድዳል፤ ከላይ በጣውላ ርብራብ ላይ ከፈረስ ፀጉር የተሸመነ ጨርቅ ይነጠፍና እርጥቡ ሆፕስ ይሰጣል። ትኩሱ አየር በመካከሉ አልፎ በጣሪያው ጫፍ ይወጣል። ያ ነጭ ቆብ ለጌጥ እንዳይመስልዎ! ነፋሱ አቅጣጫ በለወጠ ቁጥር አብሮ እየዞረ ክፍት ጎኑን ያሸሻል፤ ዝናብ አያስገባም፣ እንፋሎቱን ግን ስቦ ያወጣል። እኔ ከመላው ሕንፃ የምወደው እርሱን ነው።

ክብ የተደረጉት በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ግድም፣ ሙቀቱ እኩል ይዳረሳል ተብሎ ነው። ኋላ አራት ማዕዘኑም እንደዚያው እንደሚያደርቅ፣ ለግንባታም እንደሚቀል ታየና ክቡ እየቀረ ሄደ።

አጠገቡ የተያያዘው ረጅም ሕንፃ የደረቀው ሆፕስ የሚቀዘቅዝበትና በረጃጅም ጆንያ የሚጠቀጠቅበት ነው። ለመኖሪያ የሚመቸውም ይኸኛው ነው፤ በክቡ ክፍል ቁም ሣጥን ከግድግዳው ጋር አይታረቅም። ሕንፃው በቅርስነት ከተመዘገበ ደግሞ የራስ ቤት ነው ብሎ ያለ ፈቃድ ግድግዳውን በስቶ መስኮት ማውጣት በእንግሊዝ ሕግ ወንጀል ነው።