የወደቀ ጭልፊት የሚያነሳ ሰው ምን ይማር?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሰላም ነው? እንደ ድሬ ልጅ አንተ ብልህ ቅር አይበልህ። የምኖረው ሳቢያን ነው፤ 24 ዓመቴ ነው። የእንስሳት ጤና ደረጃ 4 ጨርሼ ፍየል፣ በግና ዶሮ አክማለሁ። ሰፈሩ ይህን ስላወቀ የተጎዳ የዱር እንስሳ ሁሉ እኔ ጋ ይመጣል። ከመብራት ሽቦ ሥር የወደቀ ጭልፊት አመጡልኝ። ባጃጅ የረገጣት ኤሊ አመጡልኝ። አሁን ደግሞ ደንገጎ መንገድ ላይ እናቱ በመኪና የተገጨችበት የዝንጀሮ ልጅ አለኝ። ሦስት ሳምንት ሆነው፤ ከትከሻዬ አይወርድም። ኤሊዋ እየዳነች ነው። ጭልፊቱ ግን በአራተኛው ቀን ሞተብኝ፣ አለቀስኩ። የፍየል ዕውቀቴ ይበቃል? ይህን ሥራ በደንብ መሥራት ብፈልግ ምን ልማር? የትስ ልማር?
ከድሬዳዋ

መልስ፦ አንተ በይኝ እህቴ፣ ምንም ቅር አይለኝም። ሐረር ብወለድም ሥራ የጀመርኩት ድሬ ነው። ከከብትና ከፍየል ኋላ ስሮጥ 26 ዓመት አልፎኛል።

የፍየል ዕውቀትሽን አትናቂው። ቁስል ታጥቢያለሽ፣ የተሰበረ እግር ታስሪያለሽ፣ መድኃኒት በኪሎ ታሰያለሽ። በፍቅር ብቻ የተነሳ ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው፤ አንቺ ይህን አልፈሻል። የቀረሽ ሌላ ነው። ፍየል ስትዳስሺያት ትረጋጋለች። የዱር እንስሳ ስትዳስሺው ግን ሊበላው የመጣ አውሬ የያዘው ይመስለዋል። ዝም ብሎ ሲተኛልሽ ለመደኝ ትያለሽ። እሱ ግን በፍርሃት ደርቆ ነው።

እኔ ይህን የተማርኩት በአንዲት እንሹ፣ በትንሿ የሚዳቋ ዘመድ ነው። ከባቢሌ መንገድ አንድ ሹፌር ይዟት መጣ። ታፋዋ ላይ ጭረት ብቻ ነበር። አጠብኩላት፣ ቅባት ቀባሁላት። የጎረቤት ልጆች ተሰበሰቡ፣ አንዱ ሲለቅ ሌላው እያቀፈ ደባበሷት። እኔም ጭንቅላቷን እያሻሸሁ ሁለት ሰዓት ያህል አብሬ ተቀመጥኩ። በማግስቱ የኋላ እግሮቿ እንደ እንጨት ደረቁ። ሽንቷ የቡና አተላ መሰለ። በሦስተኛው ቀን ሞተች። ያኔ የእባብ መርዝ ነው ብዬ ነበር። ነገሩ የገባኝ ከዓመታት በኋላ አንድ የዱር እንስሳት ሐኪም ሲያስረዳኝ ነው። በሩጫና በፍርሃት ብዛት ጡንቻ ይፈርሳል። የፈረሰው ጡንቻ ወደ ደም ይገባና ኩላሊትን ያበላሻል። እንሹ፣ ሚዳቋና ድኩላ ለዚህ በጣም ስስ ናቸው። ያቺን እንሹ የገደላት ጭረቱ አልነበረም፣ የኛ እጅ ነው። ዛሬም ሳስባት ያመኛል።

ስለዚህ መጀመሪያ የምትማሪው እጅን መሰብሰብ ነው። አየር የሚያስገባ ካርቶን፣ ከሥሩ ፎጣ፣ ጨለማ፣ ጸጥታ። ልጆች አይዩት፣ ሬዲዮ አይከፈት። ደም የሚፈስ ከሆነ አቁሚ። ሌላውን ምርመራ እንስሳው ትንፋሹ ሲረጋ በአጭሩ ጨርሺና ዝጊው።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ብዙው መጽሐፍ የተጻፈው በብርድ አገር ነው። «መጀመሪያ አሙቁት» ይላል። ሐረር ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር አካባቢ ናት፤ ሌሊት ከጎጆው የወደቀ ጫጩት በርግጥ ይቀዘቅዛል፣ መሞቅ አለበት። ድሬ ግን ከሐረር 700 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። በግንቦት ቀትር በድሬ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ የተዘጋ ካርቶን ምጣድ ነው። እዚያ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ጥላና አየር ነው። መጽሐፉን አንብቢ፣ ግን ከራስሽ ከተማ ሙቀት ጋር እያመዛዘንሽ አንብቢ።

ቅደም ተከተሉም ትምህርት ነው። ሙቀቱ ሲስተካከል ፈሳሽ፣ ፈሳሹ ሲገባ ምግብ። ለቀናት የተራበን እንስሳ በአንዴ ማጥገብ ራሱ ይገድላል። የላም ወተት ለብዙ ግልገል ተቅማጥ ነው። ለወፍ በአፍ ውሃ አታንጠባጥቢ። የወፍ የአየር ቧንቧ ቀዳዳ ምላሱ ሥር ነው፣ ውሃው በቀላሉ ሳንባ ይገባል። የጭልፊትሽ ነገር ግን የመብራት ሽቦ ከሆነ ጥፋቱ ያንቺ ላይሆን ይችላል። ኤሌክትሪክ የመታው ወፍ በመጀመሪያው ቀን ደህና ይመስላል። ከቀናት በኋላ ክንፉ ከውስጥ እየሞተ ይመጣል።

አሁን ወደ ዝንጀሮው። ይሄ ከሁሉም ያሳስበኛል። ስዊዘርላንዳዊው ተመራማሪ ሃንስ ኩመር በእ.ኤ.አ. 1960ዎቹ ከድሬዳዋ ብዙም በማይርቀው ኤረር ጎታ እነዚህን ዝንጀሮዎች አጥንቷል። አንዱ ወንድ ጥቂት ሴቶች ይዞ ይኖራል። ሴቷ ስትርቅ አንገቷን ነክሶ ይመልሳታል። ማታ ብዙ ቤተሰብ ተሰብስቦ ገደል ላይ ያድራል። ማን ከማን ጋር እንደሚቀመጥ፣ ማንን መሸሽ እንዳለበት፣ ትንሹ ይህን የሚማረው እዚያው መንጋው ውስጥ ነው። ካንቺ ትከሻ ላይ ምን ይማራል? ሰው እናት ነው የሚለውን ብቻ። ትልቅ ሲሆን ጥርሱ ከውሻ ጥርስ ይከፋል፣ ሰውን ግን አይፈራም። ደንገጎ ወስደሽ ብቻውን ብትለቂው የማያውቀው መንጋ ላይቀበለው ይችላል። ወደ መንገድና ወደ ሰው ቤት ይመለሳል፣ በድንጋይ ይሞታል።

ሕጉንም እወቂ። በአገራችን የዱር እንስሳት ሕግ መሠረት የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ መያዝ ክልክል ነው። ነገ ጠዋት በከተማሽ የዱር እንስሳት ጉዳይ ለሚመለከተው ቢሮ አመልክቺ፤ በጽሑፍ ይሁን፣ ኮፒውን ያዢ። ቦርን ፍሪ የተባለው የዱር እንስሳት ተቆርቋሪ ድርጅት ሆለታ አካባቢ እንስሳ ኮቴ የሚባል ማዕከል አለው። ከሕገወጥ ነጋዴ የተያዙ አንበሳና አቦሸማኔዎች፣ ጦጣዎችም እዚያ ይኖራሉ። ወደ ዱር መመለስ የማይችለው በሰፊ ግቢ ዕድሜውን ይጨርሳል። ስለ ዝንጀሮሽ ምክር ጠይቂያቸው። ሄደሽ አሠራራቸውን ለማየትም ፈቃድ ጠይቂ። መልሱ እስኪመጣ አትሸከሚው፣ አታጫውቺው። ምግቡን አስቀምጠሽ ዞር በይ። ይከብድሻል፣ አውቃለሁ። እሱም ይጮሃል።

የት ልማር ላልሽው፣ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ካንቺ ብዙ አይርቅም፣ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለው። ወፍ እንዴት እንደሚታሰር የሚያሳይሽ መምህር ፈልጊ፣ በሞቱ ዶሮዎች ላይ ክንፍ ማሰር ተለማመጂ። እንግሊዝኛ የምታነቢ ከሆነ ዓለም አቀፉ የዱር እንስሳት ተሃድሶ ምክር ቤት በኢንተርኔት ኮርስ ይሰጣል፣ ፈተናም አለው። በአሜሪካ ተሰዳጅ ወፎችን ለማከም ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው ቢያንስ በአንድ ሙሉ ዓመት ውስጥ የተገኘ የ100 ሰዓት ልምድ ማሳየት አለበት። ከዚያ ውስጥ በኮርስ መሙላት የሚቻለው 20 ሰዓት ብቻ ነው። ሰማንያው የእጅ ሥራ ነው። ይህን ሚዛን እወደዋለሁ። አንቺም ደብተር ያዢ፦ ቀን፣ ክብደት፣ የሰጠሽው፣ የሆነው። የሞተውንም ጻፊ።

ከሁሉ የሚከብደውን ሳልነግርሽ አላልፍም። ክንፉ ከመገጣጠሚያው የተሰበረ ጭልፊት ዳግም አይበርም። ያን ጊዜ በሐኪም እጅ ያለ ስቃይ እንዲያርፍ መፍቀድም ሙያው ነው። ይህን ብቻሽን አትወስኚ። ሐኪም አማክሪ፣ ከዚያም ቤትሽ ገብተሽ አልቅሺ።

ለራስሽም አስቢ። የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት ሳትነከሺ በፊት ስለመውሰድ ጤና ጣቢያ ጠይቂ። ከተነከስሽ ወይም ከተቧጨርሽ ቁስሉን በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ እጠቢ፣ ወዲያው ሂጂ። ነገ ብለሽ አትደሪ።

ጥያቄ፦ አባባ፣ ከፈላና በር ውጭ ጉድጓድ አጠገብ ትንሽ የጅብ ግልገል ብቻውን አየሁ። ቤት ላምጣው ወይ? ጅብ የሚያበሉት ሰዎች እንኳ ከሰው ጋር ይላመዳል ይላሉ።
ከሐረር፣ የ8ኛ ክፍል ተማሪ

መልስ፦ አታምጣው ልጄ። ብቻውን ነው ማለት እናቱ ጥላዋለች ማለት አይደለም። የጅብ እናት ልጇን ጉድጓድ ውስጥ ትታ ምግብ ፍለጋ ትሄዳለች፣ ብዙ ሰዓት ልትቆይ ትችላለች። በየማታው ከሰው እጅ ሥጋ የሚቀበሉት ጅቦች በልተው ወደ መንጋቸው ይመለሳሉ። ቤት ያደገ ግልገል ግን የሚመለስበት የለውም። ደግሞም የጅብ ልጅ ከአንድ ዓመት በላይ ይጠባል። ይህን ሁሉ ወተት ከየት ታመጣለህ? ጉድጓዱ ጋ አትቁም፣ ለጓደኞችህም አታሳይ። ነገ ከአባትህ ጋር ሆናችሁ በቀን፣ ከሩቅ እዩ። ከጉድጓዱ ወጥቶ ደክሞ ወድቆ ካያችሁት ብቻ አባትህ ለሚመለከተው ቢሮ ይንገር።