ለካሉብ ካምፕ ማቅረብ ለምትፈልገው ወንድሜ

ወንድሜ፣ «ቀብሪደሃር ውስጥ የአትክልትና የሸቀጥ መደብር አለኝ፤ እዚሁ ሶማሌ ክልል ካሉብ ላይ ጋዝ መመረት ከጀመረ ወዲህ ለሠራተኞቹ ካምፕ ለማቅረብ ከየት ልጀምር?» ብለህ ጠይቀሃል። በዚያ መስመር ከስሬም አትርፌም አውቃለሁ።

1. መስከረም 2018 ዓ.ም. የጋዝ ፋብሪካው ሲመረቅ በዓመት 111 ሚሊዮን ሊትር ፈሳሽ ጋዝ ተባለ። ከዚያ ለአንተና ለእኔ የሚደርስ ጠብታ የለም። የእኛ እንጀራ ሽንኩርቱ፣ ውሃው፣ ፍየሉ፣ ጎማውና የሾፌሮቹ ምሳ ነው። የዋናውን ኩባንያ ደጅ አትጥና፤ የካምፑን ቀለብ የሚገዛው ንዑስ ተቋራጩ፣ ማለትም ከዋናው ኩባንያ ሥራ ተቀብሎ የሚሠራው ነው።

2. ማኅተም ያረፈበት የግዢ ማዘዣ ሳትይዝ አንድ ኩንታል ድንች እንዳትጭን። በ2010 ዓ.ም. የድፍድፍ ነዳጅ ሙከራው በተጀመረ ሰሞን ከጅጅጋ ቲማቲምና ጎመን በአይሱዙ ጭኜ፣ ደገሃቡርንና ቀብሪደሃርን አልፌ ካሉብ አካባቢ ወዳለችው ሽላቦ እገባ ነበር። የካምፑ ወጥ ቤት ኃላፊ ዕቃውን ቆጥሮ ይረከብና ከደብተሩ ቅጠል ገንጥሎ ይፈርምልኛል። «ሰኞ ይከፈልሃል» ይለኛል። አምኜው ሰባት ጊዜ ተመላለስኩ። ሰውየው ሲቀየር አዲሱ ብጣሽ ወረቀቶቼን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ «ይህን ፊርማ አላውቀውም» አለኝ። 214 ሺህ ብር ቀረ።

አቤት ልል አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ባለሥልጣኑ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሣ «ውል አለህ? ከሌለህ ለምን መጣህ?» አለኝ። ከራሱ በላይ ግድግዳው ላይ «የአካባቢው ማኅበረሰብ ተጠቃሚ ይሁን» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። ገንዘቡ ሳይሆን ያ ግድግዳ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ተጠቃሚ እንድንሆን የሚፈልግ ሰው አንዲት ገጽ የናሙና ውል አባዝቶ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጥ ነበር!

3. ብቻህን አትግባ። የካምፕ ወጥ ቤት አንድ ቀን እንኳን ያለ ቀለብ አያድርም፤ መኪናህ መንገድ ላይ ከቆመ በማግስቱ ሌላ አቅራቢ ይተካብሃል። እኔ አሁን ከሁለት ነጋዴዎች ጋር ነኝ። በመጀመሪያው ጨረታ ዋጋው ተጨማሪ እሴት ታክስን እንደማያካትት ሳንጽፍ ቀርተን 15 በመቶው ከትርፋችን ተቆረጠ፤ ይህንንም ልብ በል። በሁለተኛው ግን በየጭነቱ ማኅተም ያለው መረከቢያ፣ ክፍያው በ30 ቀን ውስጥ ካልን በኋላ ንቅንቅ አላልንም። በአሥራ አንደኛው ቀን ፈረሙ። ፍየሉን ከሽላቦ አርብቶ አደሮች በእጅ በእጅ እየገዛን እናቀርባለን፤ የማንም ዕዳ የለብንም፤ እኛም የምንለምነው የለም።

የውላችንን ቅጂ ስሞቹን አጥፍቼ በውስጥ መስመር እልክልሃለሁ። ክፍያ የሚለው አንቀጽ ላይ ቀኑን በአኃዝም በፊደልም አስጽፍ።